ሕዋስን ከሕዋስ የሚያያይዙ ፕሮቲኖች የአልዛይመርን ኢንዛይሞች እንዴት ይነካሉ?

ጥያቄ፦ የባዮኬሚስትሪ ተማሪ ነኝ። በአልዛይመር ታካሚዎች አንጎል ውስጥ የሚከማቸው አሚሎይድ ቤታ የሚፈጠረው ቤታ ሴክሬቴዝና ጋማ ሴክሬቴዝ የሚባሉ ኢንዛይሞች አንድ ትልቅ ፕሮቲን ሲቆርጡ እንደሆነ ተምሬያለሁ። በቅርቡ ደግሞ የነርቭ ሕዋሳትን እርስ በርስ የሚያያይዙ ፕሮቲኖች በእነዚህ ኢንዛይሞች ላይ ተጽዕኖ አላቸው የሚል ነገር አነበብኩና ግራ ገባኝ። ሥራው ማያያዝ የሆነ ፕሮቲን ኢንዛይምን እንዴት አድርጎ ይቆጣጠራል? በዚህ መንገድስ መድኃኒት ይገኛል? አያቴ አልዛይመር አለባት፤ የምጠይቀውም ለዚያ ነው።

መልስ፦ መጀመሪያ አጭሩን ልመልስ። አያያዥ ፕሮቲኖች ኢንዛይሞቹን ቁጭ ብድግ አያደርጓቸውም። ኢንዛይሙ የት እንደሚቀመጥ፣ ከማን ጋር እንደሚገናኝ፣ በእጁ ላይ ስንት ሥራ እንዳለበት ነው የሚለውጡት። ይህ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። በአልዛይመር ጉዳይ ግን ከኢንዛይሙ ጉልበት ያላነሰ የሚወስነው ቦታው ነው። ደግሞም ነገሩ በአንድ አቅጣጫ ብቻ አይሄድም። ኢንዛይሞቹም በተራቸው አያያዥ ፕሮቲኖችን ይቆርጣሉ። በእኔ እምነት የመድኃኒቱ ጥያቄዎ መልስ ያለው እዚህ ሁለተኛው አቅጣጫ ላይ ነው።

ከሚያውቁት ልጀምር። ትልቁ ፕሮቲን የአሚሎይድ ቅድመ ፕሮቲን ይባላል፤ በአጭሩ ኤፒፒ እንበለው። ጂኑ 21ኛው ክሮሞዞም ላይ ይገኛል። ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ሰዎች የዚህ ክሮሞዞም ሦስት ቅጂ ስላላቸው፣ አብዛኞቹ ገና በአርባዎቹ ዕድሜ ላይ አንጎላቸው ውስጥ የአሚሎይድ ክምችት ይታያል። ኤፒፒ የሕዋሱን ሽፋን አቋርጦ ይቀመጣል። ረጅሙ ክፍል ወደ ውጭ፣ አጭሩ ጭራ ወደ ውስጥ ነው።

ይህ ፕሮቲን ሁለት ዕጣ አለው። አንዱ በአልፋ ሴክሬቴዝ መቆረጥ ነው። በነርቭ ሕዋስ ውስጥ ይህን ሥራ በዋናነት የሚሠራው አዳም 10 የተባለ ኢንዛይም ነው። አዳም 10 የሚቆርጠው አሚሎይድ ቤታ ይሆን የነበረውን ክፍል መሐሉ ላይ ነው። ስለዚህ ከዚያ ሞለኪውል ሙሉ አሚሎይድ ቤታ አይወጣም። ሁለተኛው ዕጣ ቤታ ሴክሬቴዝ ሲቀድም ነው። ይህ ኢንዛይም በ1999 (እዚህም ሆነ ከዚህ በታች ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ተለይቶ የታወቀው ቤስ 1 ነው። ቤስ 1 የውጩን ክፍል ቆርጦ ይጥላል፤ ሽፋኑ ውስጥ የቀረውን ጉቶ ደግሞ ጋማ ሴክሬቴዝ ይቆርጠዋል። የሚወጣው ቁራጭ አሚሎይድ ቤታ ነው። ጋማ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ስለማይቆርጥ፣ ቁራጩ አብዛኛውን ጊዜ 40፣ አንዳንዴ ደግሞ 42 አሚኖ አሲድ ይኖረዋል። ቶሎ እርስ በርሱ የሚጣበቀውና የሚከማቸው ባለ 42ቱ ነው። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፤ ወረድ ብሎ ይጠቅመናል።

አሁን ወደ ቦታው ጉዳይ እንምጣ። ቤስ 1 አሲድ ይወዳል። በደንብ የሚሠራው ፒኤች 4.5 አካባቢ ነው። የሕዋሱ ውጫዊ ገጽ እንደዚያ አሲዳማ አይደለም። አሲዳማ የሆኑት ኢንዶሶም የሚባሉት፣ ሕዋሱ ከገጹ ላይ ነገሮችን ወደ ውስጥ የሚያስገባባቸው ትናንሽ ከረጢቶች ናቸው። አዳም 10 ግን በብዛት የሚሠራው ገጹ ላይ ነው። ውጤቱ ቀላል ነው። ኤፒፒ ገጹ ላይ ከቆየ አዳም 10 የማግኘት ዕድሉ ይሰፋል። ወደ ኢንዶሶም ከተሳበ ለቤስ 1 ይዳረጋል። እንግዲህ ኤፒፒን ወይም ኢንዛይሙን ከቦታ ቦታ የሚያንቀሳቅስ፣ ወይም ባሉበት የሚያቆይ ማንኛውም ነገር የአሚሎይዱን መጠን ይለውጣል ማለት ነው። ኢንዛይሙን ራሱን ሳይነካው።

አያያዥ ፕሮቲኖች የሚገቡት እዚህ ላይ ነው። ካድሄሪኖች፣ ኒውሬክሲንና ኒውሮሊጂን፣ ኮንታክቲኖች፣ የኤል 1 ቤተሰብ፣ ኤን ካም... ዝርዝሩ ረጅም ነው። ሥራቸው ሁለት የነርቭ ሕዋሳት በሚገናኙበት ሲናፕስ ላይ ከወዲያና ከወዲህ ተያይዘው መገናኛውን ማጽናት ነው። አንጎል በማደግ ላይ ሳለ ደግሞ ክሮቹ ወዴት እንደሚያድጉ ይመራሉ። ብዙዎቹ አሠራራቸው ከኤፒፒ ጋር ይመሳሰላል፤ ረጅም የውጭ ክፍል፣ ሽፋኑን አንዴ የሚያቋርጥ ግንድ፣ አጭር የውስጥ ጭራ። ጋማ ሴክሬቴዝ ደግሞ ስለሚቆርጠው ፕሮቲን ማንነት ብዙም አይጨነቅም። የውጩ ክፍል አስቀድሞ ተቆርጦ ማጠሩ ነው ዋናው መስፈርቱ። እስካሁን የሚታወቁት የጋማ ሴክሬቴዝ ተቆራጮች ከ100 በላይ ናቸው። ኤፒፒ ከእነርሱ አንዱ ብቻ ነው። በሕክምናው ዓለም ታዋቂ ስለሆነ የኢንዛይሙ ዋና ሥራ እሱ ይመስለናል እንጂ።

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ፤ ክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ኤፒፒ ራሱም የአያያዥነት ጠባይ አለው። በ2005 የወጣ ሥራ እንዳሳየው፣ በአንድ ሕዋስ ላይ ያለ ኤፒፒ በሌላ ሕዋስ ላይ ካለ ኤፒፒ ወይም ከሁለቱ ዘመዶቹ ጋር ይያያዛል፤ ሕዋሳቱም ይጣበቃሉ። ኤፒፒንና ከዘመዶቹ አንዱን አንድ ላይ ያጡ አይጦች በተወለዱ ብዙም ሳይቆዩ ይሞታሉ። ስለዚህ "አያያዥ ፕሮቲን በኤፒፒ ቆራጮች ላይ ምን አገባው?" ለሚለው የመጀመሪያው መልስ፣ ሁሉም የአንድ ሰፈር ልጆች ናቸው የሚል ነው። ኮንታክቲን 2 ለምሳሌ ኤፒፒን ከውጭ በኩል ይይዘዋል። በ2008 እንደታየው ይህ አያያዝ ጋማ ሴክሬቴዝ የኤፒፒን የውስጥ ጭራ ቆርጦ እንዲለቅ ያደርጋል። ያ ጭራ ደግሞ በማደግ ላይ ባለ አንጎል ውስጥ አዳዲስ ነርቮች የሚወለዱበትን ፍጥነት ይገታል። ይህ በሽታ አይደለም፤ ጤናማ ሥራ ነው።

ከሁሉም በላይ የተጠናው ታሪክ የካድሄሪንና የፕረሰኒሊን ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ጋማ ሴክሬቴዝ አንድ ፕሮቲን ሳይሆን የአራት ፕሮቲኖች ስብስብ ነው። መቁረጡን የሚሠራው ፕረሰኒሊን ነው። የፕረሰኒሊን 1 ጂን የተገኘው በ1995 ነው፤ ከእርጅና በፊት የሚጀምር፣ በቤተሰብ የሚወረስ አልዛይመር ካለባቸው ሰዎች። በ1999 ደግሞ ፕረሰኒሊን 1 ሕዋሳት በሚነካኩበት ቦታ ላይ ከካድሄሪን ጋር አብሮ እንደሚገኝ ታወቀ። ካድሄሪን በካልሲየም እርዳታ ሕዋስን ከሕዋስ የሚያያይዝ ፕሮቲን ነው። በነርቮች መካከል ዋናው ኤን-ካድሄሪን ነው።

እንግዲህ ኢንዛይሙ ከአያያዡ ጋር ከተሳሰረ፣ አያያዡ ወደሚሄድበት ይሄዳል። ሕዋሳት ተነካክተው ኤን-ካድሄሪን ሲሰበሰብ፣ ፕረሰኒሊንም ወደ ሕዋሱ ገጽ ይሰበሰባል። በ2009 የታተመ የሕዋስ ጥናት ኤን-ካድሄሪን በዝቶ ሕዋሳት ሲያያዙ ምን እንደሚሆን ለካ። የሚለቀቀው አሚሎይድ ቤታ በጠቅላላው ጨመረ። ይህን ብቻ ያነበበ ሰው "ካድሄሪን መጥፎ ነው" ብሎ ይደመድማል። ግን የባለ 42ቱ ድርሻ ከባለ 40ው አንጻር ቀነሰ። ያዙልኝ ያልኩት ልዩነት ይኸው ነው። ብዙዎቹ በዘር የሚወረሱ የፕረሰኒሊን ሚውቴሽኖች፣ ማለትም የጂን ለውጦች፣ ችግራቸው ጠቅላላውን መጠን መጨመራቸው አይደለም፤ የ42ን ድርሻ ከፍ ማድረጋቸው ነው። ስለዚህ መገናኛው ሲጠነክር የወጣው ቁራጭ ቢበዛም የመጣበቅ ዝንባሌው ሊያንስ ይችላል። ጥሩ ወይስ መጥፎ? ከዚያ ጥናት ብቻ ተነስቼ አልፈርድም። አንድ ቁጥር ብቻ የሚያሳይ ሥራ ሲያጋጥምዎት ግን ሌላኛውን ቁጥር ይፈልጉ።

የካድሄሪን ነገር እዚህም አያበቃም። ኤን-ካድሄሪን ራሱ ይቆረጣል። መጀመሪያ አዳም 10 የውጩን ክፍል ይቆርጣል፤ ቀጥሎ ጋማ ሴክሬቴዝ ጉቶውን። የሚለቀቀው የውስጥ ቁራጭ ሲቢፒ የተባለውን፣ ጂኖችን ለማንቃት የሚያስፈልግ ፕሮቲን ይዞ እንዲበሰብስ ያደርገዋል። ሲቢፒ ትውስታን በረጅሙ ለማስቀመጥ ከሚያስፈልጉት ጂኖች ጋር የተያያዘ ነው። በ2003 እንደታየው በዘር የሚወረሱ በርካታ የፕረሰኒሊን ሚውቴሽኖች ይህን ቆረጣ ያዳክማሉ። ማለትም አንድ ሚውቴሽን ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ያበላሻል፤ አሚሎይዱንም፣ ከአያያዡ የሚመጣውን መልእክትም። የበሽታው ጉዳት ስንት እጁ ከየትኛው እንደሚመጣ መለየት ለዚህ ነው የሚከብደው።

ሁለተኛው መንገድ ማጓጓዝ ነው። እንደ እኔ ከሆነ ከሁሉም ምሳሌ ጥርት ያለው ይኸኛው ነው። የነርቭ ሕዋስ ረጅም ነው። ኤፒፒ የሚሠራው ሕዋሱ መሐል አካባቢ ሆኖ፣ የሚፈለገው ግን ከዚያ ርቆ የክሩ ጫፍ ድረስ ነው። ካልሲንቴኒን 1 የካድሄሪን ዘመድ የሆነ የሲናፕስ ፕሮቲን ነው። ጭራው ካይነሲን የተባለውን ተሸካሚ ሞተር ይይዛል። ኤፒፒም በዚሁ ጭነት ውስጥ ይጓዛል። በ2012 የታተመ ሥራ በነርቭ ሕዋሳት ውስጥ ካልሲንቴኒን 1ን ሲቀንስ፣ የኤፒፒ ጉዞ ተስተጓጎለ፤ አሚሎይድ ቤታም ጨመረ። ያው ጥናት በአልዛይመር የሞቱ ሰዎችን አንጎል ሲመረምር ካልሲንቴኒን 1 ቀንሶ አገኘው፤ ቅነሳው ከአሚሎይዱ መብዛት ጋር አብሮ ይሄዳል። አብሮ መሄድ መንስኤ መሆን እንዳልሆነ ያውቃሉ። ሆኖም በሕዋስ ውስጥ የታየው ሙከራና በሰው አንጎል የታየው ነገር ወደ አንድ አቅጣጫ ሲጠቁሙ ጆሮ መስጠት ይገባል። ልብ ይበሉ፤ እዚህ ላይ ቤስ 1ን የነካው ማንም የለም። ኤፒፒ መንገድ ላይ ስለዘገየ ብቻ ነው የተቆረጠው።

ሦስተኛው ሽሚያ ነው። ቤስ 1 ኤፒፒን ብቻ አይቆርጥም። ሲኤችኤል 1 የተባለውን የኤል 1 ዘመድ ይቆርጣል። ኮንታክቲን 2ን ይቆርጣል። ሴዝ 6 የተባለውን የሲናፕስ ፕሮቲን ይቆርጣል። ኒውሬጉሊን 1ንም እንዲሁ። አንድ ኢንዛይም ብዙ ተቆራጮች ካሉት፣ አንዱ ሲበዛ ሌላው ወረፋ ይጠብቃል ብሎ ማሰብ ተፈጥሯዊ ነው። ግን ይጠንቀቁ። ሽሚያ የሚኖረው ሁለቱ ተቆራጮች በአንድ ጊዜ በአንድ ከረጢት ውስጥ ከኢንዛይሙ ጋር ሲገናኙ፣ ኢንዛይሙም ለሁለቱም የማይበቃ ሲሆን ነው። በሙከራ ዕቃ ውስጥ ሁሉንም አደባልቆ ሽሚያ ማሳየት ይቻላል። በሕያው ነርቭ ውስጥ አንዱ ክሩ ጫፍ ላይ፣ ሌላው ሕዋሱ መሐል ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው "እከሌ ፕሮቲን ከቤስ 1 ጋር ስለሚያያዝ አሚሎይድን ይቀንሳል" የሚል ርዕስ ሳይ ቶሎ የማላምነው።

ጥርጣሬዬ መሠረት አለው። ኤልአርአርቲኤም 3 የሚባል አያያዥ ፕሮቲን አለ፤ በሲናፕስ ተቀባይ ወገን ተቀምጦ ከማዶ ያለውን ኒውሬክሲን ይይዛል። በ2006 አንድ ትልቅ የማጣሪያ ጥናት ይህ ፕሮቲን ቤስ 1 ኤፒፒን እንዲቆርጥ እንደሚያግዝ አሳየ። ሲቀንሱት አሚሎይድ ቀነሰ። ጂኑ ያለበት 10ኛው ክሮሞዞም ደግሞ ያኔ በእርጅና ከሚመጣው አልዛይመር ጋር ሲጠረጠር የቆየ ነበር። ሁሉ ነገር ገጠመ። ሰው ተደሰተ። በ2012 ግን ጂኑ የሌላቸው አይጦች ተመረመሩና የአሚሎይዳቸው መጠን እንደ ጤነኞቹ ሆኖ ተገኘ። በሕዋስ ላይ የታየው ስህተት ነበር ማለት አይደለም። ሕዋሱ ሌላ፣ ሙሉ አንጎል ሌላ ነው፤ አንዱ ሲጎድል ሌላው ይተካዋል። ተማሪ ስለሆኑ ይህን ታሪክ ከነዓመቱ ቢይዙት አይቆጭዎትም። የዚህ መስክ ግማሹ ውጤት ገና የ2006ቱ ደረጃ ላይ ነው ያለው።

እስካሁን ያወራነው አያያዦቹ በኢንዛይሞቹ ላይ ስለሚያደርጉት ነው። አሁን እናገላብጠው።

ቤስ 1 ከታወቀ በኋላ ሐሳቡ ቀጥተኛ ነበር፤ ኢንዛይሙን አግድ፣ አሚሎይድ ይቁም። ቤስ 1 የሌላቸው አይጦች ተሠሩ፤ አሚሎይድ ቤታ አልነበራቸውም ማለት ይቻላል፤ ሲያዩዋቸው ደህና ይመስሉ ነበር። ጠጋ ብለው ሲያዩ ግን ሌላ ነገር ወጣ። በ2006 ከአንጎል ውጭ ያሉ ነርቮቻቸው የሚጠቀለሉበት የማይሊን ሽፋን ስስ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱ ኒውሬጉሊን 1 ሳይቆረጥ መቅረቱ ነው። ቆየት ብሎ ደግሞ ከአፍንጫ ወደ አንጎል የሚሄዱት የነርቭ ክሮች መድረሻቸውን እየሳቱ እንደሆነ ታየ። ይህ ጉድለት ሲኤችኤል 1 ከሌላቸው አይጦች ጉድለት ጋር ይመሳሰላል። ያም ማለት የነርቭ ክር መንገዱን እንዲያገኝ አያያዡ መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ በጊዜው መቆረጥም አለበት። ይዞ የማይለቅ አያያዥ እድገትን ያግዳል።

የቤስ 1 አጋጅ መድኃኒቶች ይህ ሁሉ እየታወቀ ወደ ሰው ሙከራ ገቡ። የቬሩበሰስታት ሙከራዎች በ2017 እና በ2018 ቆሙ። አታበሰስታት በ2018 ጉበት ላይ ባስከተለው ጉዳት ቆመ። ላናበሰስታት በዚያው ዓመት። ኡሚበሰስታትና ኤለንበሰስታት በ2019። ይህ ተራ ክሽፈት አይደለም። መድኃኒቶቹ የተባሉትን አድርገዋል፤ በአንጎልና በአከርካሪ ፈሳሽ ውስጥ ያለውን አሚሎይድ ቤታ ከግማሽ በላይ አውርደዋል። ሰዎቹ ግን አልተሻላቸውም። እንዲያውም በበርካታዎቹ ሙከራዎች መድኃኒቱን የወሰዱት በማስታወስ ፈተና ላይ ባዶ ክኒን ከወሰዱት ትንሽ ወረድ አሉ። በአታበሰስታት ጥናት መድኃኒቱ ከቆመ በኋላ የወረደው የማስታወስ ችሎታ ተመልሷል። ይህ የመጨረሻው ነገር ለእኔ ብዙ ይናገራል። የሞተ ነርቭ አይመለስም። የተመለሰ ነገር ካለ፣ የተነካው ሕዋሱ ሳይሆን የሲናፕሱ ሥራ ነው ብሎ መጠርጠር ያስኬዳል።

ተጠርጣሪውም አለ፤ ሴዝ 6። በአይጦች ላይ ጠንከር ያለ የቤስ 1 አጋጅ ሲሰጥ፣ ሲናፕስ የሚቀመጥባቸው የነርቭ ቅርንጫፍ ጉጦች ይቀንሳሉ። ሴዝ 6 በሌላቸው አይጦች ላይ ግን ያው መድኃኒት ይህን ጉዳት አላደረሰም። በ2018 የወጣው ይህ ውጤት የሚለው፣ ጉዳቱ የሚደርሰው ሴዝ 6 ሳይቆረጥ ስለሚቀር ነው። በሰዎቹ ላይ የሆነው ይኸው ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ቤስ 1 የሚቆርጣቸው ፕሮቲኖች ብዙ ናቸው። ሆኖም አሁን አንድ አጋጅ ሲሞከር የሴዝ 6ንና የሲኤችኤል 1ን ቁራጮች ከአከርካሪ ፈሳሽ መለካት ይቻላል። አሚሎይዱ ስንት ወረደ ብቻ ሳይሆን፣ ምን አብሮ ወረደ የሚለው ይታያል።

የጋማ ሴክሬቴዝ አጋጆችም ከዚህ የከፋ ገጥሟቸዋል። ሴማጋሰስታት በ2010 የቆመው የታካሚዎቹ የማሰብ ችሎታ ስለባሰና የቆዳ ካንሰር ስለጨመረ ነው። ዋናው ተጠያቂ ኖች የተባለ ሌላ ተቆራጭ ነው። ከ100 በላይ ሥራ ያለውን ኢንዛይም በጅምላ ሲያግዱ ይህ መምጣቱ አያስገርምም።

አሁን አንድ የተፈጥሮ ሙከራ ላንሳ። በ2012 በአይስላንድ ሰዎች ላይ አንድ ብርቅ የኤፒፒ ሚውቴሽን ተገኘ። ቤስ 1 ከሚቆርጥበት ቦታ አጠገብ ነው። ይህ ሚውቴሽን ያላቸው ሰዎች ከአልዛይመር የተጠበቁ ናቸው። በሕዋስ ሲለካ የአሚሎይድ መፈጠር በ40 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። አጋጅ መድኃኒቶቹ ካወረዱት ያነሰ ነው። ልዩነቱ ምን ላይ ነው? አንዱ ጊዜው ነው፤ ሰዎቹ ከልደት ጀምሮ ሲጠበቁ ኖረዋል፣ መድኃኒቱ ግን የሚመጣው አሚሎይድ ለዓመታት ከተከማቸ በኋላ ነው። ሌላው ለጥያቄዎ ቅርብ ነው። በእነርሱ ላይ ቤስ 1 አልታገደም። ሲኤችኤል 1ን፣ ሴዝ 6ን፣ ኒውሬጉሊንን እንደልቡ ይቆርጣል። የቀነሰው ከኤፒፒ ጋር ያለው ጉዳይ ብቻ ነው።

አያያዥ ፕሮቲኖች እንደ መድኃኒት አቅጣጫ የሚማርኩኝ በዚህ ምክንያት ነው። ኢንዛይሙን ከመዝጋት ይልቅ ኢንዛይሙና ኤፒፒ የሚገናኙበትን አጋጣሚ ማሳነስ። ካልሲንቴኒን የኤፒፒን ጉዞ ያሳልጥ፣ ሌላው ኤፒፒን ገጹ ላይ ያቆየው፤ ቤስ 1 ሌላ ሥራውን ይሥራ። ሐሳቡ ያምራል። ችግሩ አያያዦቹም የራሳቸው ሥራ ያላቸው መሆኑ ነው። አንዱን ከፍ ማድረግ የሲናፕሶችን ሚዛን ይነካል። አዳም 10ን ማበረታታት ይሻላል የሚሉም አሉ፤ ኤፒፒን በደህናው ቦታ ይቆርጣልና። ነገር ግን አዳም 10 ኤን-ካድሄሪንንና ኒውሮሊጂን 1ንም ይቆርጣል፤ ሁለቱም ሲናፕስ የሚያጸኑ ናቸው። ከመጠን በላይ ከበረታ ለመጠበቅ የፈለግነውን መገናኛ ራሱ ያላላዋል። እዚያው በዚያው ነው ነገሩ።

አንድ ነገር ቀረ። አሚሎይዱም ዝም ብሎ አይቀመጥም። ኤን ካም 2 የተባለ አያያዥ አለ፤ ጂኑ እንደ ኤፒፒ 21ኛው ክሮሞዞም ላይ ነው። በ2015 እንደታየው በአልዛይመር ታካሚዎች ሂፖካምፐስ፣ ማለትም ለትውስታ ዋና በሆነው የአንጎል ክፍል፣ ሲናፕሶች ላይ ይህ ፕሮቲን ቀንሷል፤ የተቆራረጡ ክፍሎቹም ተገኝተዋል። አሚሎይድ ቤታ ከኤን ካም 2 ጋር በቀጥታ ይያያዛል፤ መቆራረጡንም ያባብሳል። የተቆረጠው የውጭ ክፍል ደግሞ ሌሎች ጤነኛ ሲናፕሶችን ያፈርሳል። ስለዚህ ዑደቱ እንዲህ ሊሆን ይችላል፤ አያያዦች የኢንዛይሞቹን ቦታ ይለውጣሉ፣ ኢንዛይሞቹ አሚሎይድ ይሠራሉ፣ አሚሎይዱ ተመልሶ አያያዦቹን ያፈርሳል። የትኛው ይቀድማል የሚለው በየሰውዬው ሊለያይም ይችላል።

ስለ አያትዎ። በአያያዥ ፕሮቲን ላይ የተመሠረተ፣ ዛሬ ለታካሚ የሚታዘዝ የአልዛይመር መድኃኒት የለም። ቤስ 1ን የሚያግድ የተፈቀደ መድኃኒትም የለም። "ቤታ ሴክሬቴዝን ይገታል" ተብሎ የሚሸጥ የዕፅዋት ክኒን ወይም ዱቄት ካጋጠመዎት ገንዘብዎን ይያዙ፤ በሙከራ ዕቃ ውስጥ ኢንዛይም የሚገታ ቅመም ሞልቷል፣ ወደ አንጎል መግባትና ሰውን መርዳት ግን ሌላ ነገር ነው። በዚያ ላይ በትክክል ቢያግድ እንኳ ከላይ ያየነው ይጠብቀዋል። አሁን ያሉት አዳዲስ መድኃኒቶች የተከማቸውን አሚሎይድ የሚጠርጉ ፀረ እንግዳ አካላት ናቸው፤ በአሜሪካ ለካኔማብ በ2023፣ ዶናኔማብ በ2024 ሙሉ ፈቃድ አግኝተዋል። ለካኔማብ በ18 ወር ውስጥ የመውረዱን ፍጥነት በ27 በመቶ ቀንሷል፤ አያቆመውም፣ አይመልሰውም። የተሞከሩትም በሽታው ገና ሲጀምር ባሉ ሰዎች ላይ ነው። የአንጎል እብጠትና መድማት ሊያስከትሉ ስለሚችሉ በየጊዜው የኤምአርአይ ክትትል ይፈልጋሉ። አያትዎ በሽታው ከጀመራቸው ከቆየ ምናልባት ለእሳቸው አይሆኑም። ይህን የሚወስነው የሚያዩዋቸው የነርቭ ሐኪም ናቸው። ሐኪሙ ዘንድ ሲሄዱ በሽታው የትኛው ደረጃ ላይ እንዳለና አሁን ከሚወስዷቸው መድኃኒቶች ውስጥ ትውስታን የሚያደበዝዝ እንዳለ ይጠይቁ። ሁለተኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ በአንዳንድ የእንቅልፍ፣ የአለርጂና የሽንት መድኃኒቶች ግን ትልቅ ልዩነት ያመጣል።